ብረት ሳይመታ ሌክቸር የለም

ልጄ ሎውሪ ኮሌጅ የገባች ቀን እንደ ሌሎቹ እናቶች ደጅ ላይ ቆሜ አላለቀስኩም። እኔ ማልቀስ የጀመርኩት ከሳምንት በፊት ነው፤ መዓቱ ሲመጣ ሥራ እንዳይበዛብኝ። ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ ስትጥል መስኮቱ መዘጋቱን፣ ምድጃው ጋዝ አለማፍሰሱን፣ እሳት ቢነሳ በየት እንደሚወጣ አየሁ፤ በሩንም ሁለቴ ገፍቼ ሞከርኩት። ልሄድ ስል ዞሬ፣

“ብረቱን ሳትመቺ ክፍል እንዳትገቢ” አልኳት።

“እማዬ፣ ደግሞ ብረት? ሰው ያየኛል እኮ!”

“ይይሽ። ሰው ሁሉ ይመታዋል።”

“ባልመታውስ?”

“ባትመቺውማ...” አልኩና በሩን ለሦስተኛ ጊዜ ገፋሁት። ባትመታው ምን እንደሚሆን ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አስቤበታለሁ። ያላሰብኩት መዓት የለም።

ኮሌጃችን ሲሠራ ኮሌጅ አልነበረም፤ ሆቴል ነበር። አንድ የባቡር ሐዲድ ከበርቴ ባቡሩ እንግዳ እንደ ጎርፍ ያመጣልኛል ብሎ ባሕሩ አፍ ላይ ማማ የበዛበት፣ ቤተ መንግሥት ይሁን ቤተ ክርስቲያን ያልለየለት ሕንፃ ጀመረ። ሳይጨርሰው ከሰረ። እንግዳው አልመጣም፤ ዝናቡ ግን በሰዓቱ መጣ። ከዚያ የእኛ የዌልስ ሰዎች “ለእንግሊዝ መኝታ ያልሆነ ቤት ለልጆቻችን መማሪያ ይሁን” ብለው በየጸሎት ቤቱ አዋጥተው ገዙት። የአያቴ እናት ለዚህ ብላ አንድ ክረምት ሙሉ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጥታለች ይባላል። ስለዚህ በቤተሰባችን ዘንድ በስተ ምዕራብ ሦስተኛው መስኮት የእኛ ነበር። በከተማው መስኮት የሌለው ቤተሰብ አልነበረም። ፕሮፌሰሮቹን ሁላችንም የምናያቸው በአያቶቻችን ስኳር ላይ እንደሚኖሩ ተከራዮች ነበር፤ ደህና ተከራይ አልነበሩም። ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ በአንድ ጠረጴዛ ምሳ ይበሉ ነበር።

አባቴ የዚህ ቤት በረኛ ነበር። በእኛ አገር ግማሹ ሰው ጆንስ፣ ግማሹ ዴቪስ ስለሆነ ሰው የሚለየው በሥራው ነበር። ወተት አመላላሹ ጆንስ ወተት፣ ቀባሪው ዴቪስ ሳጥን፣ አባቴ ደግሞ ግዊሊም በር። እኔም ኔስታ በር። የምንኖረው ከዋናው ደረጃ ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። ማዕበል ሲነሳ ባሕሩ መስኮታችንን ያንኳኳል፤ እናቴ ማርጌድ ከድንች ልጣጯ ቀና ሳትል “ሰው የለም!” ትለዋለች።

እሷ ትቀልድ ነበር። እኔ ግን አልቀልድም። ባሕራችን ሥር የሰመጠ አገር እንዳለ የሰንበት ትምህርት መምህራችን ሚስ ፓሪ ነግራናለች። ያ አገር ከባሕሩ ዝቅ ያለ ነበር አሉ፤ ዙሪያውን ግድብ፣ በግድቡ ላይ በር፣ በበሩ ላይ በረኛ። አንድ ምሽት ድግስ ሆነ፤ በረኛው ሰክሮ በሩን ሳይዘጋ ተኛ። አሥራ ስድስት ከተማ ከነሰዉ፣ ከነከብቱ፣ ከነደወሉ አለቀ። ሚስ ፓሪ “በረኛው” ስትል ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ስንወጣ የጆንስ ወተት ልጅ ተጠጋኝና፣ “አባትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጣ የለም?” አለኝ።

“ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው!”

“ያኛውም በሁለት ነው የጀመረው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አባቴ ከጠጣ በኋላ ተነስቼ በሮቹን እሞክር ነበር። ያ ልማድ እስካሁን አለቀቀኝም፤ ባሌ “አንቺን ያገባሁት በር ላይ ነው፣ እድሜ ልኬን በር ላይ ነኝ” ይላል።

ብረቱ ደግሞ ይህ ነው። የባሕር ዳሩ መንገድ ከሰሜን በኩል ኮረብታው ሥር ሲያልቅ በብረት አጥር ይዘጋል። እስከዚያ የሄደ ሰው ሁሉ የታችኛውን ብረት በጫማው ጫፍ ይመታና ይመለሳል። ተማሪ፣ ፕሮፌሰር፣ ጋሪ የሚገፋ እናት፣ ውሻ የሚያናፍስ ቄስ፣ ሁሉም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ብትጠይቂ “እንዲሁ ነው” ይሉሻል። ሰው ስለሚመታው ቦታው ላይ ነጩ ቀለም ተላጦ ብረቱ እንደ ማንኪያ ያበራል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። አጥሩ የባሕሩ በር ነው፤ የሚመታውም መዘጋቱን ለማረጋገጥ ነው። ትልልቅ ሰዎች ልጆችን ላለማስፈራራት ነው የማይናገሩት።

ከመቺዎቹ ሁሉ አንደኛው ፕሮፌሰር ፕሮሰር ነበሩ። ታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ረዥም፣ ጎባጣ፣ ካባቸው ከኋላ በነፋስ የሚነሳ፣ ከሩቅ ሲታዩ ዝናብ ላይ የተረሳ ጃንጥላ የመሰሉ። ፕሮፌሰር ፕሮሰር ማለት ለአፍ ስለሚከብድ ተማሪዎቹ “ፕሮፍ-ፕሮስ” ይሏቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብረቱን መትተው ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል ይገባሉ።

እኔ ስምንት ዓመት በሆነኝ ዓመት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ አባቴ አብሯቸው መሄድ ጀመረ። ክንዳቸውን ይዞ ይወስዳቸዋል፤ “ይምቱ ፕሮፌሰር” ይላቸዋል፤ ይመታሉ፤ ይመለሳሉ። ማታ ማታ ደግሞ የእኛ ቤት ይመጡና በአባቴ ወንበር ተቀምጠው ዘቢብ ያለበት ዳቦ በቅቤ ይበላሉ። አባቴ ከቢጫ ወረቀት ላይ ያነብላቸዋል፤ እሳቸው ይደግማሉ። እኔ መጋረጃው ጀርባ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ።

“ታሪክ የሚጀምረው ከጭቃ ነው። ይበሉ ፕሮፌሰር።”

“ታሪክ የሚጀምረው ከጭቃ ነው። ማን ነው ይህን ያለው?”

“እርስዎ ነዎት።”

“ጥሩ ብያለሁ።”

“በየዓመቱ ጥሩ ይላሉ።”

እናቴ ከምጣዱ በኩል ሆና፣ “ግዊሊም፣ ቤይነን ቀለም የሰማ ቀን እኚህ ሰውዬ ወደዚያ ትልቅ ሆስፒታል ናቸው፤ አንተ ከሥራ፣ እኛ ከነአልጋችን ጎዳና ላይ ነን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” አለች። ቤይነን የኮሌጁ ሬጅስትራር፣ የመዝገቡ ኃላፊ ነው፤ ጣቱ ሁልጊዜ ሰማያዊ ስለሆነ ቀለም ተባለ።

“እስከ ሰኔ ነው ማርጌድ። ሰኔ ላይ በክብር ይሰናበታሉ። አርባ ዓመት አስተምረው አሁን በመጨረሻዋ ይወሰዱ?”

“አርባ ዓመት አንዱኑ ነገር ነው ያስተማሩት። አንተ እንኳ ተምረኸዋል።”

“እሱስ ልክ ነሽ” አሉ ፕሮፌሰሩ ዳቦ እያነሱ። “ሰውየውን ግን አላወቅኩትም። ማን ነው?”

“ግዊሊም ነኝ ፕሮፌሰር። በሩ።”

“አሃ፣ በሩ።”

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ያገኘሁት ትርጉም ይህ ነበር። ፕሮፌሰሩ የባሕሩ ዋና ጠባቂ ናቸው። አርጅተዋል፤ ሥራውን ለአባቴ እያስረከቡ ነው። የሚደጋገመው ባሕሩን የሚያስቆመው ቃል ነው። እስከ ሰኔ ከጸና ተርፈናል፤ ከተሰናከለ ሆስፒታሉም፣ ጎዳናውም፣ አሥራ ስድስቱም ከተማ ይመጣል።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ላገባ ሰሞን፣ ሳህን እያጠበች ነው። የፕሮፌሰሩ ጭንቅላት መክዳት ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፤ ያወቀው አባቴ ብቻ። ለምን እንደሸሸጋቸው ስጠይቃት ሳህኑን አስቀመጠች። አባቴ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ድንጋይ ካባ ሥራ የገባ ሰው ነው። በረኛ በሆነ በመጀመሪያው ዓመት የፕሮፌሰሩን ሌክቸር በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ሲሰማ ሳለ በሩ ድንገት ተከፈተና ተያዘ። ፕሮፌሰሩ አዩት። ምንም አላሉም። ተመልሰው ሲገቡ በሩን አልዘጉትም፤ አንድ ስንዝር ገርበብ አድርገው ተዉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በበጋም በክረምትም፣ ያ በር በሌክቸራቸው ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ ብርዱን ይረግሙ ነበር።

ዘዴያቸው ይህ ነበር። ብረቱ ከተመታ በኋላ የፕሮፌሰሩ ጭንቅላት ለአንድ ሰዓት ያህል ይበራል። እግራቸው ያን ድምፅ ሲሰማ “አሁን ሌክቸር ነው” ብሎ ለራሳቸው የሚነግራቸው ይመስለኛል። መሀል ላይ ቢጠፋቸው አባቴ ስንዝሯ ጋ ቆሟል። ያስልና በሩን ከፍቶ በረኛ መልእክት እንደሚያደርስ ቆብ አውልቆ ይገባል።

“ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ልዑሉ ወንዙን ተሻግሯል የሚል መልእክት መጥቷል።”

“ተሻገረ? አመሰግናለሁ ግዊሊም። እንግዲህ ልዑሉ ወንዙን እንደተሻገረ...”

ሠላሳ አንድ ተማሪ አንድም ሳይስቅ ይጽፋል። እኔም አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሆኜ ይህን ሰማሁና እዚያው ቁጭ አልኩ። ልዑል ወንዝ ተሻገረ ማለት ከዳር ዳር ጠባቂዎች ወሬ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ደረጃው ላይ እንደ ተቀመጥኩ ቤይነን ቀለም መጣ። አጭር ሰው ነው፤ ወረቀት እንጂ ሰው የሚያይ አይመስልም። ቆመና ከኪሱ ከረሜላ የያዘ ወረቀት አወጣ።

“አንቺ የግዊሊም ልጅ አይደለሽም? ምነው ከስተሻል?”

“እንቅልፍ የለኝም።”

“ለምን?”

“አባዬ ከሳተ ሁላችንም እናልቃለን።”

“ምንድን ነው የሚስተው?”

ከረሜላውን ሳየው የፈራሁት ሁሉ ከአፌ ወጣ። “ቃሉን ነዋ! ማታ ማታ ፕሮፌሰሩን ያስጠናቸዋል፤ ጠዋት ብረቱን ያስመታቸዋል፤ ሲጠፋቸው ገብቶ ይነግራቸዋል።”

ቤይነን ሰማያዊ ጣቱን አገጩ ላይ አደረገ። “እ” አለ። “ከረሜላው ሎሚ ነው። ውሰጂ።” ሄደ።

እኔ ደግሞ ቀለል አለኝ። አንድ ባለሥልጣን ስለ ባሕሩ አወቀ፤ ጦር ይልካል። አባቴን አሳልፌ የሰጠሁት በአንድ የሎሚ ከረሜላ ነው።

የካቲት ላይ ማዕበሉ መጣ። ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት ነፋ። መስኮታችንን አላንኳኳም፤ ሰበረው። እናቴ “ሰው የለም!” አላለችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አየሩ ጥርት ብሎ ሲወጣ እንደ ልማዱ አባቴ ፕሮፌሰሩን ይዞ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። መንገዱ ጠጠርና የባሕር ሣር ለብሷል። ጫፉ ላይ ስንደርስ አጥር የለም። ኮንክሪቱ ተነክሶ ቀርቷል፤ የከተማው ምክር ቤት አንድ ገመድ ወጥሮበታል።

ፕሮፌሰሩ ቆሙ። እግራቸውን አነሱ። መልሰው አወረዱ።

“አላለቀም” አሉ።

“አልቋል ፕሮፌሰር፣ እንመለስ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።”

“አላለቀም እኮ። መንገዱ አላለቀም።” አሉና በገመዱ ሥር አጎንብሰው ወደ ጠጠሩ ወረዱ፤ ወደ ውሃው። አባቴ ዘሎ ካባቸውን ያዘ። ጫማቸው ሞልቶ ነበር። ሲመለሱ አባቴን “አንተ የየትኛው መርከብ ነህ?” አሉት።

በዚያ ቀን ክፍል ገብተው ተማሪዎቹን አንድ በአንድ “የማን ልጅ ነህ?” እያሉ ጠየቁና ወጡ። አባቴ መልእክት ይዞ ሁለቴ ገባ፤ ሁለቴም “ለማን ነው?” ተባለ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እናቴ የበሩን መዝጊያ በእግሯ እየመታች፣ እሳቸውንም ባልዲ እያስመታች ሞከረች፤ ፕሮፌሰሩ “ሴትዮዋን ምን ነካት?” አሉ። ከዚያ በቢጫ ወረቀት አንድ ማስታወሻ መጣ፤ ከሬጅስትራሩ። ሐሙስ በፕሮፌሰር ፕሮሰር ሌክቸር ላይ ሬጅስትራሩ ከሁለት የቦርድ አባላት ጋር ይገኛሉ፤ በረኛው ከሌክቸሩ በኋላ ቢሮ ይቅረብ።

እናቴ ማስታወሻውን ሁለቴ አነበበች። “ማን ነገረው?”

አባቴ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ሾርባዬን አየሁ።

“አየህ ግዊሊም? አየህ? እስከ ሰኔ አራት ወር ነበር የቀረው። ሰውየውን ይወስዷቸዋል። እኛን ደግሞ እናቴ ዘንድ፣ ከነዶሮዎቿ።”

“ዶሮዎቿ ደህና ናቸው።”

“ዶሮዎቿ ከእሷ ይሻላሉ፤ እሱ አይደለም ነገሩ!”

አባቴ አልሳቀም። ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ያን አድርጎ አያውቅም። በረኛ ቁልፉን ሲፈታ ሚስ ፓሪ የነገረችንን ታሪክ ብቻ ነው የማውቀው።

አንድ ነገር ግን እኔ የማውቀው፣ ትልልቆቹ ያልገባቸው ነበር። ቃሉ አይደለም የጠፋው፤ በሩ ነው። ማዕበል ደግሞ የወሰደውን እያሳሳቀ ይመልሳል። እሮብ ከትምህርት ቤት መልስ እናቴ ልብስ የምታመላልስበትን አሮጌ የሕፃን ጋሪ ይዤ የባሕር ዳሩን ጠጠር ከጫፍ ጫፍ ፈተሽኩ። አሥር የማይገጣጠም ጫማ፣ አንድ የሞተ አቆስጣ የሚሉት የባሕር አውሬ፣ “መዋኘት ክልክል ነው” የሚል ሰሌዳ አገኘሁ። ሊመሽ ሲል ከግድቡ ጥግ፣ የባሕር ሣር ክምር ውስጥ፣ ነጭ ነገር ወጥቶ አየሁ። ጎተትኩት። የእኔን ቁመት የሚያህል የብረት ቁራጭ፤ ጎበጥ ብሏል። ሣሩን በእጄ ጠራረግኩት። መሀሉ ላይ ቀለሙ ተላጦ እንደ ማንኪያ ያበራል።

ጋሪው አልቻለውም፤ አንድ ጎማ ወለቀ። ያም ሆኖ በሦስት ጎማ ደረስኩ፤ ከሰል ቤቱ ውስጥ ሸሸግኩት።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ የፕሮፌሰሩን የሸሚዝ ቁልፍ እየቆለፈላቸው፣ ካባቸውን እያራገፈ ሳለ ብረቱን በኮሪደሩ እየጎተትኩ ወጣሁ። ድምፁ ጥርስ ያጠርሳል። ሌክቸር ክፍሉ በር ፊት ሁለት የከሰል ባልዲ ገልብጬ ብረቱን በላያቸው አጋደምኩት። ቀና ስል ቤይነን ቀለም ከሁለት ጥቁር ኮት የለበሱ ሽማግሌዎች ጋር ቆሞ ያየኛል።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለ አንደኛው ሽማግሌ።

“በሩ ነው” አልኩ።

“በሩማ ይኸውና ከኋላሽ።”

“ያ የክፍሉ ነው። ይሄ የባሕሩ ነው።”

ሽማግሌው ቤይነንን አየ። ቤይነን ጣሪያውን አየ። በዚህ መሀል አባቴ ፕሮፌሰሩን ክንዳቸውን ይዞ ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለ። ቤይነንን አይቶ ገርጥቶ ነበር፤ ብረቱን ሲያይ ደግሞ ቆመ። ፕሮፌሰሩ አልቆሙም። ክንዳቸውን አስለቅቀው በቀጥታ መጡ፤ እግራቸውን አነሱ፤ መቱ።

ባዶ ባልዲ ላይ የተጋደመ ብረት ሲመታ እንዴት እንደሚጮኽ የሰማ ያውቃል። ሕንፃው በሙሉ ጮኸ። ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰው ሳህን ሰበረ። ፕሮፌሰሩ ተቃኑ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ረዥም መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

“ግዊሊም” አሉ፣ “ዘገየን።” ገቡ። በሩንም አንድ ስንዝር ገርበብ አድርገው ተዉት።

እኔና አባቴ ስንዝሯ ጋ ቆምን፤ እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር።

“ታሪክ” አሉ ፕሮፌሰሩ፣ “የሚጀምረው ከጭቃ ነው።”

አምሳ ደቂቃ ተናገሩ። አንዴም አልተደናቀፉም። ልዑሉ ወደፊት ሦስት ጠላት እንደሚገጥመው፣ እንግሊዞች፣ ወንድሞቹና አማቱ፣ ከእነዚህም የሚያሸንፈው እንግሊዞችን ብቻ እንደሆነ ሲናገሩ ሠላሳ አንዱም ተማሪ ሳቀ። ከወደ ኋላ አንድ ያረጀ ሳቅ ተከተለ፤ የቤይነን ነበር። አባቴ እያለቀሰ ነበር፤ እኔ ከደስታ መስሎኝ እጁን ጨበጥኩት። ባሕሩ ተዘግቷል፤ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ለዓመታት ያመንኩት ይህን ነው።

እናቴ ሳህን እያጠበች ያፈረሰችብኝም ይህንኑ ነው። ያ የጥቅምት ሌክቸር ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ቀን። የዚያ ሐሙስ ሌክቸር የልዑሉ ሞት መሆን ነበረበት፤ ልዑሉ ግን ገና አልተወለደም። ሠላሳ አንዱም ተማሪ ይህን ሌክቸር አስቀድሞ በደብተሩ ይዞታል። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አውቀውታል። አዲስ ገጽ ገልጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቃል በቃል እንደገና ጻፉት። ቀልዱም ሲደርስ እንደ አዲስ ሳቁ። ቤይነንም ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰምቶት ነበር። የቦርዱ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው ያልሰሙት፤ “ግሩም ሰው! ወረቀት እንኳ አላዩም” ተባብለው ምሳ ሄዱ።

ቤይነን ቆይቶ ወጣ። አባቴ ቆቡን አውልቆ ጠበቀው።

“ሚስተር ቤይነን፣ ልጅቷ ልጅ ናት። ጥፋቱ የእኔ...”

ቤይነን አልሰማውም። ብረቱ ላይ ጎንበስ ብሎ መነጽሩን ገፋ አደረገ። “ይህ የምክር ቤቱ ንብረት ነው” አለ።

“አዎ ጌታዬ።”

“ይመለሳል።”

“አዎ ጌታዬ።”

“ከሰኔ በኋላ።” ዞር አለና እኔን አየኝ። “ከረሜላ የለኝም ዛሬ።” ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ፤ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየ፤ በዚያች ቀጭን ጫማው ብረቱን ጠለዘውና ሄደ። ቢሮ መቅረቡም በዚያው ተረሳ።

እስከ ሰኔ ድረስ በየማለዳው ያ ብረት ይመታ ነበር፤ ሌክቸሩም በአብዛኛው ከጭቃው አላለፈም። የዚያ ዓመት ተማሪዎች ስለ ልዑሉ ሞት የጻፉት ከቤተ መጻሕፍት ተበድረው ነው፤ ስለ ጭቃ ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሰኔ ላይ ፕሮፌሰሩ የብር ሰሐን ተሸልመው በጭብጨባ ተሰናበቱ፤ “የማን ሠርግ ነው?” ብለው አባቴን ጠየቁት፤ “የእርስዎ ነው ፕሮፌሰር” አላቸው። ሦስት ዓመት በእህታቸው ቤት ኖረው ሞቱ። ምክር ቤቱ አዲስ አጥር ስለተከለ አሮጌውን ቁራጭ አልቀበልም አለ። አባቴ አልጋው ሥር አኖረው።

እኔ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፍኩም። ፈተናው ያለፈኝ በፍርሃት ነው፤ ወረቀቱ ሲሰጠኝ የምጽፈው ሳይሆን ጣሪያው ቢደረመስ የምወጣበት ነው የታየኝ። ሎውሪ በአባቷ ስለወጣች ገባች።

ባለፈው እሑድ ከእሷ ጋር አባቴን ልናይ ሄድን። ከከተማው በላይ ያለው የአረጋውያን ቤት ነው ያለው፤ ሰማንያ ሦስት ሆኖታል። ከጥር ወዲህ አያውቀኝም። “አንቺ ከየትኛው ቢሮ ነሽ?” ይለኛል። ይህን ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር፤ ስለዚህ አልደነገጥኩም፤ ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁና ወጣሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን ብረቱን ይዤ ነው የሄድኩት፤ በሎውሪ የድሮ የሕፃን ጋሪ፣ በአራቱም ጎማ። ነርሷ በር ላይ አስቆመችን።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

“በር ነው” አለቻት ሎውሪ፣ ሳቋን ይዛ። ነግሬያት ነበር።

ሁለት ወንበር ገጥመን አጋደምነው። አባቴ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ አየው። ብዙ አየው። ከዚያ ክንዱን ሰጠኝ፤ አነሳሁት፤ ሦስት እርምጃ ሄድን። በነጠላ ጫማው መታው። ጩኸት አልነበረም፤ ቦታው ምንጣፍ ነው፤ ጫማው ግን በሩ ድረስ ተፈናጥሮ ሄደ።

ተቃና። ጉሮሮውን ጠረገ።

“ታሪክ የሚጀምረው” አለ አባቴ፣ በፕሮፌሰሩ ድምፅ፣ “ከጭቃ ነው።” ሎውሪ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። አባቴ ግን ቀጥሎ አልተናገረም። ከትከሻዬ በላይ በሩን እያየ ነበር፤ ስገባ ሁለቴ ገፍቼ የዘጋሁትን።

“ኔስታ” አለኝ። ከጥር ወዲህ ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። “በሩን ገርበብ አድርጊው። ውጭ የቆመ ሰው ይኖራል።”

ሄጄ አንድ ስንዝር ከፈትኩት። ከታች ከባሕሩ ብርድ ገባ። ካፖርቴን ቆለፍኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።